የሱቅ ዱቤን በስልክ ብድር መክፈል

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ለምትኖሩና ድንበሩን እየተሻገራችሁ ለምትገበያዩ ሁሉ ነው። የምናነሣው ጉዳይ በየቤታችሁ ያለ ነው። ከሱቅ በዱቤ የተወሰደው የዱቄት፣ የስኳር፣ የዘይትና የሻይ ቅጠል ሒሳብ ሲደርስ በምን መንገድ ይከፈል? ለብዙ ሰው ጥያቄው ራሱ ትርፍ ይመስለዋል፤ ገንዘቡ ከተከፈለ ተከፈለ፣ መንገዱ ምን ለውጥ ያመጣል ይላል። እኔ ግን መንገዱ ብዙ ለውጥ ያመጣል እላለሁ። የሁለት ሺህ ሽልንግ የሱቅ ዕዳ በአንዱ መንገድ ሲከፈል በሁለት ሺህ ያልቃል፤ በሌላው መንገድ ሲከፈል ከባለሱቁ ደብተር ይሰረዝና በወሩ መጨረሻ ከሁለት ሺህ ስድስት መቶ በላይ ሆኖ ስልካችሁ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ዝግጅት የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በኬንያ እንደተለመደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የዱቤን ጠባይ በደንብ እንመልከተው። በሌላው ዓለም፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ትልልቅ መደብሮች ለደንበኞቻቸው የራሳቸውን ክሬዲት ካርድ ይሰጣሉ። ደንበኛው ዕቃውን ዛሬ ይወስዳል፣ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ይላክለታል፣ ሙሉውን ካልከፈለ ወለድ ይታሰብበታል። የእኛ ካርድ የባለሱቁ ደብተር ነው። ሥራውም ያው ነው፤ ዛሬ ውሰድ፣ ገንዘብ ሲመጣ ክፈል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሞያሌ ባለሱቅ ዕዳው በዘገየ ቁጥር በየቀኑ ጭማሪ እየጻፈ አይሄድም። ሁለት ሺህ ብሎ ከመዘገበው ከሦስት ሳምንት በኋላም የሚጠይቃችሁ ሁለት ሺህ ነው። የሚያስከፍላችሁ በሌላ መልኩ ነው፤ በትዝብት፣ በይሉኝታ፣ አንዳንዴም ‘ከዚህ በኋላ በዱቤ አልሰጥም’ በማለት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቢሆንም በቁጥር የሚባዛ ዕዳ አይደለም። የከብት ነጋዴው ሰንጋው እስኪሸጥ፣ ሹፌሩ ከናይሮቢ እስኪመለስ፣ የቀን ሠራተኛው ደመወዙን እስኪቀበል፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የሚጠብቀው ቤተሰብ እስኪላክለት ድረስ ከተማዋን የሚያኖራት ይህ ዱቤ ነው። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት አድርጎ የሚመጣው መንገድ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ከሆነና በ2020 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራ የድንበር መፈተሻ ጣቢያውን በሞያሌ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ ንግዱ ሰፍቷል፤ ገቢው ግን ለአብዛኛው ሰው ዛሬም በየቀኑ የሚገባ አይደለም። ገቢው አልፎ አልፎ፣ ወጪው በየዕለቱ ሲሆን መሐሉን የሚሞላው ደብተሩ ነው።

እንግዲህ ይህን ሒሳብ መክፈያው መንገድ ብዙ ነው። ጥሬ ሽልንግ በእጅ መስጠት አለ። ብር መንዝሮ ወይም ብሩን እንዳለ መስጠት አለ። በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያው በኤምፔሳ ወደ ባለሱቁ የግል ስልክ መላክ አለ። ለሱቅ ክፍያ በተዘጋጀው የኤምፔሳ ቁጥር፣ በሱቁ የቲል ቁጥር መክፈል አለ። የመጨረሻው፣ ብዙ ሰው እንደ አንድ መንገድ የማይቆጥረው፣ በስልኩ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር የጎደለውን በብድር በሚሞላው በፉሊዛ መክፈል ነው። የክርክሬ ማዕከል ይህ የመጨረሻው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለ ሌሎቹ ዋጋ ላስረዳ፤ ንጽጽሩ ያለ እነሱ አይገባምና።

ጥሬ ገንዘብ ከሁሉም ርካሽ ነው፤ የማስተላለፊያ ክፍያ የለውም። ችግሩ ምስክር የሌለው መሆኑ ነው። ባለሱቁ በሌለበት ለልጁ ወይም ለተቀጣሪው ተሰጥቶ ሳይመዘገብ የቀረ ገንዘብ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ለዓመታት ቅሬታ ይሆናል። በኤምፔሳ ወደ ግል ስልክ መላክ ምስክር አለው፤ ነገር ግን ሁለቱንም ወገን ያስከፍላል። አንድ ሺህ ሽልንግ ሲላክ ላኪው 13 ሽልንግ ገደማ ይከፍላል፤ ባለሱቁ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ከወኪል በጥሬው ሲያወጣ 29 ሽልንግ ገደማ ይቆረጥበታል። አንድ ሺህ ሽልንግ ከእጅ ወደ እጅ ለመሸጋገር 42 ሽልንግ አስወጣ ማለት ነው። በቲል ሲከፈል ግን ከፋዩ ምንም አይቆረጥበትም፤ ባለሱቁ ከመቶ 0.55 ይከፍላል፣ ለአንድ ሺህ አምስት ሽልንግ ተኩል። የስልክ ኩባንያው ሳፋሪኮም ኤምፔሳን በ2007 ሲጀምር ሰው ለሰው ገንዘብ እንዲላክበት ነበር፤ ለሱቅ ክፍያ የሚሆነው ሊፓ ና ኤምፔሳ የመጣው በ2013 ነው። ብዙዎቻችን ግን ዛሬም የሱቅ ዕዳን የምንከፍለው ለዘመድ እንደምንልክ አድርገን ነው። በዚህ ምክንያት በየወሩ በከንቱ የሚባክነው ሽልንግ የአንድ ቤት የስኳር ወጪ ሊሸፍን ይችላል።

የምስክሩን ነገር ጥቂት ላስፋው። በኤምፔሳ የተከፈለ ማናቸውም ክፍያ አሥር ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያ ኮድ ይዞ በመልእክት ይመጣል። ያ ኮድ ደረሰኝ ነው። መልእክቱ ከስልክ ሊጠፋ ይችላል፣ ስልኩም ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ ኮዱን በባለሱቁ ደብተር ላይ ከተከፈለው መጠን ጎን መጻፍና በራስም ማስታወሻ ላይ ማስፈር ክርክርን ከሥሩ ይነቅላል። መልእክቱ ቢጠፋም ኮከብ 334 መሰላል ብሎ የሒሳብ መግለጫ መጠየቅ ይቻላል። ኮዱን ማስጻፍ አለመተማመን ነው የሚል ሰው አይጠፋም፤ ‘ከባለሱቁ ጋር እንደ ወንድማማች ነን፣ ጻፍልኝ ብዬ አላሳፍረውም’ ይላል። ነገር ግን በሞያሌ ብዙው ሕዝብ የሚከተለው የእስልምና ሃይማኖት እንኳ ጽሑፍን ያዘዘው በጠላቶች መካከል ላለ ዕዳ ብቻ አይደለም። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በአል-በቀራ ምዕራፍ ያለው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው፤ ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ እንዳይሰለች ያሳስባል። መጻፍ ወዳጅነትን የሚጠብቅ ሥራ ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

አሁን ወደ ፉሊዛ እንምጣ። አገልግሎቱ በጥር 2019 የተጀመረ ሲሆን ሳፋሪኮም የሚያቀርበው ከኬሲቢና ከዛሬው ኤንሲቢኤ ባንክ ጋር ነው። አሠራሩ በጣም ቀላል በመሆኑ ብዙ ሰው ብድር መውሰዱን እንኳ አያስተውለውም። በስልካችሁ ሦስት መቶ ሽልንግ አለ እንበል፤ ሁለት ሺህ ልትከፍሉ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፤ ስልኩ ቀሪውን በፉሊዛ ልሙላላችሁ ይላል፤ አንድ ቁጥር ትጫናላችሁ፣ ክፍያው ያልፋል። ባለሱቁ ሙሉውን ተቀብሎ ደብተሩን ይሰርዛል፣ እናንተም እፎይ ትላላችሁ። ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ ግን ከተበደራችሁት ላይ አንድ ከመቶ የመነሻ ክፍያ ተጽፎባችኋል፤ በየቀኑም ሌላ ክፍያ ይጨመራል። በ2022 በተሻሻለው ታሪፍ እስከ አንድ ሺህ ሽልንግ ላለ ብድር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከዕለታዊው ክፍያ ነፃ ተደርገዋል፤ ይህ ደግ ማሻሻያ ነው፣ መካድ አይገባም። ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆን ግን ቆጠራው ወዲያው ይጀምራል። ከ1,500 በላይ እስከ 2,500 ሽልንግ ድረስ ላለ ብድር ታክሱ ሳይጨመር በቀን 20 ሽልንግ ገደማ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ስልኩ ባዶ ነበርና ሙሉው ሁለት ሺህ ሽልንግ በፉሊዛ ተከፈለ እንበል። የመነሻው ክፍያ 20 ሽልንግ ነው። ሠላሳ ቀን ከቆየ በቀን 20 ሲታሰብ 600 ሽልንግ ይሆናል። ድምሩ 620። ይህም ከዋናው ዕዳ 31 በመቶ ነው፤ በአንድ ወር። ቅድም የጠቀስናቸው የአሜሪካ የመደብር ካርዶች በዚያው አገር ውድ ናቸው ተብለው የሚተቹ ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ወለዱ ከ30 በመቶ ይበልጣል፤ ያ ግን የዓመት ወለድ ነው። እዚያ በዓመት የሚጠየቀው እዚህ በወር ተጠየቀ። በአሜሪካ በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ደግሞ ለደንበኛው በሚላከው ወርሃዊ ሒሳብ ላይ አነስተኛውን መጠን ብቻ እየከፈለ ቢቀጥል ዕዳው ስንት ዓመት እንደሚፈጅና በጠቅላላው ምን ያህል እንደሚያስወጣው በግልጽ እንዲጻፍለት ያስገድዳል። የሕጉ አስተሳሰብ ለእኛም ይጠቅማል፤ ሰው የሚጎዳው በዋጋው ብቻ አይደለም፣ ዋጋው በትንንሽ ቁራጭ ስለሚቀርብለት ድምሩን አለማየቱም ይጎዳዋል። ሃያ ሽልንግ በቀን የአንድ ሻይ ዋጋ ነው። ስድስት መቶ ሃያ ሽልንግ ግን ለብዙ ቤት የቀን ሥራ ዋጋ ነው።

ከክፍያው የሚከፋው ሌላው ጠባዩ ነው። ፉሊዛ የሚመለሰው እናንተ በመረጣችሁት ቀን አይደለም። ወደ ኤምፔሳችሁ የሚገባው ማናቸውም ገንዘብ አስቀድሞ ለፉሊዛው ይቆረጣል። ልጅ ለትምህርት ቤት ክፍያ ብሎ የላከው፣ እኅት ለመድኃኒት ብላ ያዋጣችው፣ ከብት የገዛ ሰው ቀብድ ብሎ የላከው፣ ሁሉም እንደገባ ይቀነሳል። ባለሱቁን ‘እስከ ሐሙስ ታገሠኝ፣ ይህ የልጁ መድኃኒት ነው’ ማለት ይቻላል፤ ባለሱቁም ሰው ነውና ይሰማል። ስልኩን እንደዚህ ማለት አይቻልም። የሚሆነው እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ሰኞ የሱቁ ዕዳ በፉሊዛ ተከፈለ፤ ዓርብ የመጣው ገንዘብ በፉሊዛ ተበላ፤ ቅዳሜ ለቤት የሚሆን ዱቄት ስለሌለ ወደዚያው ሱቅ ሄዶ በዱቤ ተወሰደ። በሳምንት ውስጥ የሱቁ ዕዳ ተመለሰ፣ በመሐሉም የፉሊዛው ክፍያ ሄደ። ዕዳ ተከፈለ የሚባለው ሲቀንስ ነው። እዚህ ላይ ግን ወለድ ከሌለው ደብተር ወለድ ወዳለው ስልክ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። ድንበሩን ተሻግረው በኢትዮጵያ በኩል የሚኖሩ አድማጮቻችን ደግሞ ይህ እኛን አይመለከትም እንዳይሉ፤ በዚያ በኩል ያለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር በ2022 ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላ የተባለውን አነስተኛ ብድርና እንደኪሴ የተባለውን የጎደለ ክፍያ መሙያ ጀምሯል። ታሪፉ የተለየ ነው፤ የጎደለን ገንዘብ በብድር ሞልቶ የመክፈሉ ነገር ግን አንድ ነው። የሁለቱን አገር ሲም የያዘ የሞያሌ ሰው በሁለት ኪስ ሁለት ብድር ሊይዝ ይችላል።

ለዚህ ክርክር የሚሰጡ መልሶች አሉ፤ አንዳንዶቹም ብርቱ ናቸው። የመጀመሪያው ‘ማን ሠላሳ ቀን ያቆየዋል? ነገ ደመወዝ ይገባል፣ ነገውኑ ይዘጋል’ የሚል ነው። ይህ እውነት ከሆነ እኔም አልቃወምም። ሁለት ሺህ ተወስዶ በማግስቱ ከተመለሰ ወጪው 40 ሽልንግ ገደማ ነው፤ ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ መኪና እየጠበቀና ገንዘቡን አጥብቆ ፈልጎ ከሆነ ደግሞ 40 ሽልንግ ለወዳጅነት ሊወጣ የሚገባ ነው። ነገር ግን ‘ነገ’ የሚለው ቃል በወር ደመወዝተኛ አፍና በከብት ነጋዴ አፍ ትርጉሙ የተለያየ ነው። የመምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ነገ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ነው። የከብት ገበያ ነገ በዝናቡ፣ በናይሮቢ ዋጋና በመንገዱ ሁኔታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በማርሳቢትና በቦረና ብዙ ከብት ማለቁን የማያስታውስ በዚህ አካባቢ የለም። ገቢያቸው እንዲህ ያለ ሰዎች በቀን የሚቆጥር ብድር ከማንም በላይ ይጎዳቸዋል፤ ቀኑን የሚወስኑት እነሱ አይደሉምና።

ሁለተኛው መልስ የበለጠ ይከብዳል። ‘ዱቤ ነፃ አይደለም፤ ባለሱቁ ለዱቤ ደንበኛ ዋጋ ይጨምራል’ የሚሉ አሉ። በአንዳንድ ሱቅ እውነት ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ አንድ ዋጋ፣ በዱቤ ለሚወስድ ሌላ ዋጋ አለ። ብዙዎቹ የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም ዋጋው በሽያጩ ሰዓት አንድ ሆኖ ተቆርጦ እስከታወቀ ድረስ በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ ከጥሬው ዋጋ ቢበልጥ ይፈቅዳሉ፤ የሚከለክሉት ከተቆረጠ በኋላ ቀን በገፋ ቁጥር መጨመርን ነው። ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። የባለሱቁ ጭማሪ አንድ ጊዜ ተጽፎ ይቆማል፤ የስልኩ ጭማሪ ግን ቀን ሲገፋ ይገፋል። የባለሱቁን ጭማሪ አስቀድሞ ወስዶ በላዩ ላይ የፉሊዛን ጭማሪ የሚከፍል ሰው ደግሞ ለአንድ ከረጢት ዱቄት ሁለት ጊዜ ከፈለ። ስለዚህ ዋጋ የሚጨምር ባለሱቅ ያላችሁ ሰዎች ማድረግ የሚገባችሁ ከመውሰዳችሁ በፊት ሁለቱንም ዋጋ መጠየቅ ነው፤ ልዩነቱ ሲታወቅ የትኛው ዕቃ በዱቤ መወሰድ እንዳለበት፣ የትኛው ገንዘብ እስኪገኝ ቢቆይ እንደሚሻል መለየት ይቻላል።

ሦስተኛው ‘በፉሊዛ ካልተጠቀምኩ የብድር ገደቤ አያድግልኝም፣ ለክፉ ቀን ያስፈልገኛል’ የሚል ነው። ገደቡ በአጠቃቀምና በወቅቱ በመመለስ የሚያድግ መሆኑ ልክ ነው። ነገር ግን ለክፉ ቀን የሚሆን ብድርን ዘወትር እየተበደሩ ማሳደግ ክፉውን ቀን አስቀድሞ መጥራት ነው። በኤምፔሳ ላይ የሚደረግ ማናቸውም መደበኛ ዝውውር ራሱ ታሪክ ይሆናል፤ ገቢን በስልክ መቀበልና ከራስ ገንዘብ መክፈልም እንዲሁ። መበደር ግድ ከሆነ ደግሞ የብድሮቹን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በ2012 የተጀመረው ሌላው የኤምፔሳ ብድር ኤም-ሽዋሪ ለሠላሳ ቀን የሚያስከፍለው ታክሱ ሳይጨመር 7.5 በመቶ ነው። በሁለት ሺህ ላይ 150 ሽልንግ መሆኑ ነው፤ ያው ዕዳ በፉሊዛ ለወር ቢቆይ ከነመነሻው 620 ይደርስ ነበር። ለአንድ ቀን ፉሊዛ ይረክሳል፤ ለሳምንታት ግን አንድ ጊዜ የሚቆረጥ ብድር በጣም ይረክሳል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ሁለቱንም ‘የስልክ ብድር’ ብሎ በአንድ ስም መጥራት ብዙ ሰው አስከፍሏል።

ከድንበር ከተማነታችን የተነሣ ሌላ ነገር አለ፤ ዕዳው በአንድ ገንዘብ ተጽፎ ገቢው በሌላ ገንዘብ ሲሆን። በኬንያ በኩል ያለው ደብተር በአብዛኛው በሽልንግ ነው፤ ከወዲያ የሚሠራ ወይም የሚነግድ ሰው ገቢ ግን ብር ነው። ሐምሌ 29 ቀን 2024 ኢትዮጵያ የምንዛሬውን ተመን ለገበያ ስትለቅ አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የኬንያ ሽልንግ በዚያው ጊዜ በዶላር 130 አካባቢ ጸንቶ ቆየ። በባንኩ ተመን ሲሰላ ሁለት ሺህ ሽልንግ ከዚያ በፊት 880 ብር አካባቢ ነበር፤ ዶላሩ መቶ ብር ሲሞላ ከ1,500 ብር በላይ ሆነ። በርግጥ የሞያሌ መንገድ ላይ መንዛሪ ከባንኩ ተመን አስቀድሞ በራሱ ዋጋ ይሠራ ስለነበር ዝላዩ ለሁሉም ሰው በዚህ ልክ አልነበረም። ሆኖም የሽልንግ ዕዳ ይዞ በብር መቆጠብ አደገኛ መሆኑን በግልጽ ያሳያል። በሽልንግ የተጻፈ ዕዳ ያለበት የብር ገቢ ያለው ሰው ብሩን አጠራቅሞ በወሩ መጨረሻ ከሚመነዝር ገቢው በገባ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየመነዘረ በሽልንግ ቢከፍል ይሻለዋል። በብር ለመክፈል ከተስማማችሁም በየትኛው ቀን ምንዛሬ እንደሚሰላ፣ በወሰዳችሁበት ቀን ነው ወይስ በምትከፍሉበት፣ ዕቃው ከመወሰዱ በፊት ተነጋገሩበት። በዚህ ላይ የሚነሣ ጠብ የክፋት ጠብ አይደለም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው፣ አስቀድሞ ያልተባለ ነገር ስለሆነ ብቻ ነው የሚጣሉት። ኤምፔሳ የሚለው ስም በሁለቱም አገር ስላለ የሚሳሳቱም አሉ። በ2023 በኢትዮጵያ የተጀመረው ኤምፔሳ በብር የሚሠራ፣ በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ ሌላ ሒሳብ ነው፤ በኬንያ ካለው የሽልንግ ሒሳብ ጋር አንድ ቦርሳ አይደለም።

‘በሙሉ ሳጠራቅም አንድ ጊዜ እከፍላለሁ’ ብሎ ጥሬ ገንዘብ በቤት ማስቀመጥም በዚህች ከተማ ዋጋ ሲያስከፍል ታይቷል። ኬንያ አሮጌውን የአንድ ሺህ ሽልንግ ኖት ከመስከረም 30 ቀን 2019 በኋላ ዋጋ የሌለው አደረገችው። አንድ ዓመት ሳይሞላ በመስከረም 2020 ኢትዮጵያ የአሥር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶችን ለወጠች፣ የሁለት መቶ ብር ኖትም ጨመረች፤ መለወጫው ሦስት ወር ብቻ ነበር። ለድንበር ሰው ሁለቱም አገር በተከታታይ ገንዘቡን ቀየረበት ማለት ነው፤ ብሩን ይዞ በኬንያ በኩል የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለመለወጥ ድንበር መሻገር ነበረበት፣ ያውም የኮሮና ወረርሽኝ እንቅስቃሴን በገደበበት ዓመት። በባለሱቁ ደብተር ላይ የተቀነሰ ዕዳ ኖት ቢቀየርም አይቀየርም። አምስት መቶ ባገኛችሁ ቀን አምስት መቶ መክፈል፣ ሁለት መቶ ባገኛችሁ ቀን ሁለት መቶ መክፈል ይሻላል፤ ባለሱቁም ይህን በደስታ ይቀበለዋል፤ እሱም ዕቃውን ያመጣው ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ሊሆን ይችላል። በቲል ከተከፈለ ከፋዩ ላይ የማስተላለፊያ ክፍያ ስለሌለ አሥር ጊዜ ቢከፋፈል ወጪው አይጨምርም። ወደ ግል ስልክ በመላክ ከተከፋፈለ ግን በየጊዜው ይቆረጣል፤ ቁርጥራጭ ክፍያ የሚያዋጣው በቲል ወይም በእጅ ሲሆን ነው።

ባለሱቆችም እየሰማችሁ ከሆነ ጥቂት ነገር ልበል። ቲል የማትፈልጉት ግብር ሰብሳቢው ገቢያችንን ያይብናል ብላችሁ ሊሆን ይችላል። ፍራቻው መሠረት የለውም አልልም። ነገር ግን ወደ ግል ስልካችሁ የሚገባው ገንዘብም በሥርዓቱ ውስጥ የሚታይ ነው፤ እናንተም ወኪል ዘንድ ሄዳችሁ ስታወጡት በየጊዜው ትቆረጣላችሁ። በተጨማሪም የሱቁና የቤተሰቡ ገንዘብ በአንድ ስልክ ላይ ሲቀላቀል ትርፍና ኪሣራችሁን እናንተም አታውቁትም፤ በስማችሁ ፉሊዛ ካለባችሁ ደግሞ ደንበኛ የከፈላችሁ የሱቁ ገንዘብ ሳታዩት ይቆረጣል። ለደንበኛው በየወሩ መጨረሻ የቀረበትን በወረቀት ጽፎ መስጠትም ሥራ ያበዛል እንጂ ንግድ አይጎዳም፤ ዕዳውን በቁጥር ያየ ሰው ከፍሎ የመጨረስ ዕድሉ ይበልጣል።

አሁኑኑ በፉሊዛ ውስጥ ያላችሁ አድማጮችስ? መጀመሪያ ከሱቁ ጋር ተነጋገሩ። የሱቁ ዕዳ በቀን አይጨምርም፣ የስልኩ ይጨምራል፤ ሁለቱም ካሉባችሁ በቅድሚያ የሚዘጋው የሚጨምረው ነው። ባለሱቁን ‘ይህን ሳምንት ታገሠኝ፣ ከዚያ በየገበያው ቀን ይህን ያህል እከፍላለሁ’ ብላችሁ ቀንና መጠን ቁረጡለት። ፉሊዛው ከጠራ በኋላ ከአገልግሎቱ መውጣት ይቻላል፤ ወይም ገደቡ ቢኖርም ገንዘቡ ከመጉደሉ በፊት ቀሪ ሒሳባችሁን አይታችሁ ያላችሁን ያህል ብቻ መክፈል ትችላላችሁ። በኬንያ በኩል ሁለት ሺህ ዕዳ ኖሮባችሁ ስልካችሁ ላይ ስምንት መቶ ካለ፣ ስምንት መቶውን በቲል ክፈሉ፣ ኮዱን አስጽፉ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቀርቷል የሚለውን መስመር ባለሱቁ በፊታችሁ ይጻፍ። የቲል ክፍያውን ከመላካችሁ በፊት የሚወጣውን የሱቁን ስም አንብቡ፤ ወደ ተሳሳተ ቁጥር ከሄደ ደግሞ የደረሳችሁን የማረጋገጫ መልእክት ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ 456 አስተላልፉ፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከደረሰ የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።